ይህን ክር ማን ፈተለው?



የብርዱ ወራት ሲገባ ከኡልፓን ተማሪዎች መካከል ጥቂት ቤተሰቦችን ይዘን ወደ ቢሉ ሴንተር ሄደን ነበር። ቢሉ ሴንተር ከረሆቦት በስተደቡብ፣ ከቂርያት ዔቅሮን አጠገብ የሚገኝ ሰፊ የገበያ ቦታ መሆኑን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። የሄድነው ብርድ ልብስና የልጆች ፒጃማ ለመግዛት ነው። አብረውን ከመጡት መካከል በጎንደር ገጠር ሸማ ሲሠሩ የኖሩ አንድ አባት ከልጅ ልጃቸው ጋር ነበሩ።

እኒህ አባት አንድ ወፍራም ብርድ ልብስ አንሥተው በጣታቸው አሹት፤ ጠርዙንም ወደ ብርሃን አቅርበው ተመለከቱት። እኛ «ሱፍ ይመስላል፤ ዋጋውም ቀላል ነው» አልናቸው። እሳቸው ግን ራሳቸውን ነቅንቀው «ሱፍ አይደለም፣ ጥጥም አይደለም። ለመሆኑ ይህን ክር ማን ፈተለው?» ብለው ጠየቁን። የልጅ ልጃቸው ከጠርዙ ላይ የተሰፋችውን ትንሽ ጨርቅ ገልጦ ዕብራይስጡን አነበበና «አባባ፣ ሜአ አሁዝ ፖሊአስቴር ይላል» አለ። መቶ በመቶ ፖሊስተር ማለት ነው። ኮሌጅ ገብተን የወጣነው እኛ ተሳስተን ትክክለኛው ሸማኔው ሆኑ።

በዚያ ቀን ለጥያቄያቸው የሚገባውን መልስ አልሰጠናቸውም። ጉዳዩ ለሁላችንም ቤት የሚጠቅም ስለሆነ በዛሬው ዓምዳችን መልሱን ይዘን ቀርበናል።

በአገራችን ክር የሚገኘው ከማሳ ወይም ከበግ ነበር። እናቶቻችን ጥጡን ይዳምጡታል፣ ይነድፉታል፣ በእንዝርት ይፈትሉታል፤ ሸማኔውም ድርና ማግ አድርጎ ይሠራዋል። በ1961 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካም ቢሆን ማሽን አመጣ እንጂ የሚፈትለው ያንኑ ጥጥ ነበር። ስለዚህ በፋብሪካ የተሠራ ጨርቅ ሁሉ ሰው ሠራሽ ክር ነው ማለት አይደለም።

ፖሊስተር ግን ከማሳ አይለቀምም። መነሻው ድፍድፍ ነዳጅ ነው። ከነዳጅ የሚገኙ ሁለት ኬሚካሎች በሙቀት ተዋሕደው ፕላስቲክ ይሆናሉ። ውሃ የምንገዛበት ጠርሙስ የሚሠራው ከዚሁ ፕላስቲክ ነው። ይህ ፕላስቲክ ከ260 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ቀልጦ እንደ ወፍራም ማር ይሆናል። ከዚያም ጥቃቅን ቀዳዳዎች ባሉት የብረት ሰሌዳ በኩል በኃይል ይገፋል። ከገላ መታጠቢያው ዱሽ ውሃው ቀጥኖ እንደሚወርድ ሁሉ የቀለጠውም ነገር በየቀዳዳው ቀጥኖ ይወጣል፤ ቀዝቃዛ አየር ሲያገኘው ወዲያው ይደርቅና ክር ይሆናል። እንግዲህ የአባታችን ጥያቄ መልስ ይህ ነው፤ ያን ክር ቀልጦ ፈሰሰ እንጂ በእንዝርት የፈተለው እጅ የለም።

ክሩ እንደወጣ ደካማ ነው። ስለዚህ በመንኮራኩሮች መካከል ብዙ እጥፍ እስኪረዝም ድረስ ይሳባል። በሚሳብበት ጊዜ በውስጡ የተዘበራረቀው ሁሉ እንደ ተበጠረ ጸጉር ወደ አንድ አቅጣጫ ይሰለፍና ይጠነክራል። ከዚህ በኋላ ፋብሪካው ክሩን እንደ ፈለገው ይለውጠዋል። ሱፍ እንዲመስል ያጠማዝዘዋል፤ ከጥጥ ጋር ለመደባለቅ በጥጥ ልክ ይቆራርጠዋል፤ ሙቀት እንዲይዝ መካከሉን ክፍት አድርጎ ያወጣዋል። ቀዳዳውን ባለሦስት ማዕዘን ካደረገው ክሩ እንደ ሐር ያብለጨልጫል፤ ነጭ ዱቄት ከጨመረበት ደግሞ ይደበዝዛል። እኛን ያታለለን ብርድ ልብስም ጨርቁ ከተሠራ በኋላ ፊቱ በብሩሽ ተፍቆ ጸጉር እንዲያወጣ የተደረገ ነው።

ሰው ሠራሽ ክር ብዙ ዓይነት ነው። ቪስኮዛ የሚባለው መነሻው እንጨት ነው፤ እንጨቱ በኬሚካል ሟሙቶ እንደገና ክር ይሆናል። ይህ ዘዴ በ1892 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር ተገኘ። ናይሎን በ1935 በአሜሪካ ተሠራ፤ በ1940 የሴቶች ካልሲ ሆኖ ገበያ ላይ ዋለ። ፖሊስተር ደግሞ በ1941 በእንግሊዝ አገር ተገኘ። አክሪሊክ የሚባለው ሱፍ መሰል ክርም በሹራብና በብርድ ልብስ ላይ ይገኛል።

እነዚህን ጨርቆች አትግዙ ለማለት አይደለም። ዋጋቸው ቀላል ነው፤ ፖሊስተርና ናይሎን ቶሎ ይደርቃሉ፣ አይጨማደዱም፣ በቶሎም አያልቁም። ነገር ግን በሙቀት የተሠራ ክር በሙቀት ይበላሻል። እሳት ሲነካው ቀልጦ ይንጠባጠባል፤ ቆዳ ላይም ይጣበቃል። በዚህ አገር የብርድ ወራት በየቤታችን የኤሌክትሪክ ማሞቂያ፣ ታኑር የሚሉት አለ፤ የሰንበት ሻማም ይበራል። ልጆች ደግሞ ሲበርዳቸው ወደ ማሞቂያው ይጠጋሉ። ጥጥም ቢሆን እሳት ይይዘዋል፤ በተለይ ሰፊና የሚንዘላዘል ከሆነ ፈጥኖ ይነዳል። ስለዚህ የሚከተሉትን እንድታስታውሱ አደራ እንላለን።

ለልጅ መኝታ በልኩ የሆነ ልብስ ይመረጣል፤ የሚንዘላዘለው ይቅር። በመለያው ላይ «ለሃርሒቅ ሜኤሽ» የሚል ካለ «ከእሳት አርቁ» ማለት ነው። ከማሞቂያው ቢያንስ አንድ ሜትር ራቁ፤ ልብስም በላዩ ላይ አታድርቁ። በካውያ ሥዕሉ ውስጥ ያሉትን ነጥቦች ቁጠሩ፤ ዕብራይስጥ አያስፈልገውም። አንድ ነጥብ አነስተኛ ሙቀት ነው፤ ሦስት ነጥብ ከፍተኛ ነው። ባለ አንድ ነጥቡን ልብስ በከፍተኛ ሙቀት ብትተኩሱት ይቀልጣል። ቪስኮዛ ሲርስ ክሩ ስለሚደክም አጥብቃችሁ አትጭመቁት።

ክፉ አይንካችሁ እንጂ፣ የሰው ልብስ እሳት ቢይዝ እንዳይሮጥ አድርጉ፤ መሬት ላይ አስተኝታችሁ አንከባሉት። እሳቱ ሲጠፋ የተቃጠለውን ቦታ በሚፈስ የቧንቧ ውሃ 20 ደቂቃ አቀዝቅዙ። ቆዳ ላይ የተጣበቀውን ጨርቅ አትንቀሉ። ቅቤ፣ ማር ወይም የጥርስ ሳሙና አትቀቡ። አምቡላንስ በ101፣ እሳት አደጋ በ102 ይጠራል። ዕብራይስጥ አልችልም ብላችሁ ሳትደውሉ አትቅሩ።

በመለያው ላይ ኩትና ማለት ጥጥ፣ ጸመር ማለት ሱፍ ነው። መለያው ከጠፋ ደግሞ አባቶቻችን የሚያውቁት ዘዴ አለ። አንድ ትልቅ ሰው፣ ልጆች በሌሉበት፣ አንዲት ክር ብቻ ከጨርቁ መዝዞ በወጥ ቤቱ የእጅ መታጠቢያ ላይ በመቆንጠጫ ይዞ ይለኩሳት። ጥጥ ከሆነች እንደ ወረቀት ትሸታለች፤ አመዷም ልል ነው። ሱፍ እንደ ጸጉር ይሸታል። ፖሊስተር ግን ይኮማተርና ቀልጦ ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ይሆናል፤ እስኪቀዘቅዝ በእጅ አይነካም።

ወደ ቢሉ ሴንተር እንመለስ። አባታችን ብርድ ልብሱን ለራሳቸው ገዙት፤ «ለሽማግሌ ቀላል ነገር ይሻላል፤ ከማሞቂያው ግን አርቀዋለሁ» አሉ። ለልጁ ግን የሚገዛለትን ፒጃማ አንድ በአንድ አብረው መረጡ፤ ልጁ መለያውን ያነብባል፣ እሳቸው በጣታቸው ይዳስሳሉ። በመጨረሻም በልኩ የሆነ የጥጥ ፒጃማ ይዘው ወጡ።

በሥራችን ብዙ ጊዜ የምናየው ችግር አለ። ልጅ ቋንቋውን ቶሎ ይለምድና የቤቱ አስተርጓሚ ይሆናል፤ ወላጅ ደግሞ «እኔ ምን አውቃለሁ» ብሎ ዝም ይላል። በዚያ ቀን ግን ልጁ አያቱን «አባባ፣ ሳታነብ እንዴት አወቅህ?» ብሎ ሲጠይቃቸው ሰምተናል። እሳቸውም መልሱን እስከ አውቶቡሱ ድረስ ሲነግሩት ሄዱ። እናንተም ገበያ ስትሄዱ አብራችሁ ሂዱ፤ ልጁ ያንብብ፣ አያት ይዳስሱ።