መጀመሪያ ክፍሉን ለኩ

አርጃኖ ልገዛ ነው የሚለኝን ሰው ሁሉ የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ቤትህ ስንት ካሬ ነው?» አብዛኛው ይስቃል። የዝርያውን ስም ያውቃል፣ ስለ ቀለሙ ያወራል፣ ምን እንደሚበላ በቪዲዮ አይቷል። ክፍሉን ግን በሜትር ለክቶት አያውቅም። የእኔ አቋም አጭር ነው፦ አርጃኖ የሚመረጠው በክፍል ልክ ነው። ልብ የወደደውን ገዝቶ ቦታውን በኋላ መፈለግ፣ በፍቅር ስም ቢደረግም ጭካኔ ነው።

አርጃኖ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ጣና ዳር ድንጋይ ላይ ተዘርግቶ ፀሐይ የሚሞቀውን፣ ሰው ሲጠጋው ውሃ ውስጥ ዘው የሚለውን ነው። እሱ የናይል አርጃኖ ነው። ዘመዶቹ ግን በአፍሪካ፣ በእስያና በአውስትራሊያ የተበተኑ ከ80 በላይ ዝርያዎች ናቸው። አውስትራሊያ ውስጥ ከነጭራው 25 ሴንቲ ሜትር ገደማ ላይ የሚቆም አለ፤ ኢንዶኔዥያ ውስጥ ደግሞ 3 ሜትር የሚደርሰው ኮሞዶ አለ። አገር ቤት የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ ቤት አስገብቶ ማሳደግ ያስጠይቃል። እኔ በምኖርበት ጀርመንም ሆነ በአሜሪካ ግን ብዙዎቹ ዝርያዎች በሕጋዊ መንገድ ይሸጣሉ። ስለዚህ ጉዳዩ በዋናነት የሚመለከተው ውጭ ያለነውን ነው። በተለይ ደግሞ የአገሩን ወንዝ የናፈቀና «የኛው አርጃኖ እኮ ነው» ብሎ ግልገል ሊገዛ የተነሳውን።

ወጥመዱ ያ ግልገል ነው። የናይል አርጃኖ ከእንቁላል ሲወጣ ከአንድ ማስመሪያ ብዙም አይረዝምም። ዓይኑ ብሩህ፣ ቆዳው በቢጫ ነጠብጣብ ያጌጠ ነው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ግን ሜትር ተኩል ይሆናል፣ 2 ሜትር የሚያልፍም አለ፤ ዕድሜውም ከ10 ዓመት በላይ ይዘልቃል። ሻጩ ይህን ስትጠይቁት ብዙ ጊዜ የምትሰሙት መልስ «እንደ ሳጥኑ ነው የሚያድገው» የሚል ነው። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት ማለት ይሄ ነው። እንደ ሳጥኑ ስፋት እድገቱን የሚመጥን አርጃኖ የለም። በጠባብ ሳጥን ውስጥ ቀጭጮ የቀረ ካለ ታሞ ነው፤ ካልሲየምና የአልትራቫዮሌት ጨረር አጥቶ አጥንቱ የተጣመመ፣ ወይም ውሃ አንሶት ኩላሊቱ የተጎዳ ነው።

ለምን ቦታ እንደሚያስፈልገው እንነጋገር። አርጃኖ እንደኛ ሙቀቱን ከውስጡ አያመነጭም፤ የሚሞቀውም የሚበርደውም ቦታ በመቀየር ነው። መብራቱ ሥር ያለው ድንጋይ ከ50 እስከ 60 ዲግሪ መድረስ አለበት። በሌላው ጫፍ ያለው ጥግ ደግሞ ወደ 25 ዲግሪ አካባቢ መውረድ አለበት። በ80 ሴንቲ ሜትር ሳጥን ውስጥ ያንን መብራት ስታበሩት ሳጥኑ በሙሉ ይግላል፣ መሸሻ ይጠፋል። መብራቱን ስትቀንሱት ደግሞ የበላው አይፈጭለትም። ስፋት ማለት ለእሱ ማሞቂያውም ማቀዝቀዣውም ነው።

አሁን ሂሳብ እንሥራ። ለጀማሪ ይሆናል እየተባለ በብዛት የሚሸጠው የሳቫና አርጃኖ ነው። ግልገሎቹ ከጋና፣ ከቶጎና ከቤኒን በሺዎች እየተጫኑ ስለሚመጡ ዋጋው ርካሽ ነው። ሲያድግ አንድ ሜትር ገደማ ይሆናል። ቆፋሪ ነው፤ ጋና ውስጥ ያጠናው ዳንኤል ቤኔት ግልገሎቹን ነፍሳት በቆፈሩት ጉድጓድ ውስጥ ነው ያገኛቸው። ልምድ ያላቸው አርቢዎች ለአንድ ጎልማሳ ትንሹ መኖሪያ 240 በ120 በ120 ሴንቲ ሜትር ነው ይላሉ፤ በውስጡም ቢያንስ ግማሽ ሜትር ጥልቀት ያለው አፈር። ይህ 1.44 ሜትር ኩብ አፈር ነው። እርጥብ አፈር በሜትር ኩብ 1,500 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን ጠቅላላው ከ2 ቶን ይበልጣል፤ በካሬ 750 ኪሎ መሆኑ ነው። የመኖሪያ ሕንፃ ወለል ሲሠራ ለሰውና ለዕቃ የሚታሰብለት ጭነት ግን በካሬ ከ150 እስከ 200 ኪሎ አካባቢ ነው። ሦስተኛ ፎቅ ላይ የምትኖሩ፣ እዚህ ጋ ቆም በሉ። «ርካሹ» አርጃኖ የሚፈልገው የራሱ መሬት ነው።

እኔ ያለኝ አንድ አኪ ነው። የአውስትራሊያ ዝርያ ነው፣ ጭራው እሾሃማ፣ ከነጭራው ከ60 እስከ 70 ሴንቲ ሜትር። አውስትራሊያ የዱር እንስሳቷን ለንግድ ወደ ውጭ መላክ ስለከለከለች ገበያ ላይ ያሉት በአብዛኛው እዚሁ የተፈለፈሉ ናቸው። ዋጋው ከሳቫናው ይወደዳል። ሰው «ለዚህች ለምታህል?» ይለኛል። አዎ፣ ለዚህች። ለእሱ 120 በ60 በ60 የመጨረሻው ዝቅተኛ ልክ ነው፤ እኔ የሠራሁለት 150 በ70 ነው፣ አፈሩ ብቻ ወደ 400 ኪሎ ይጠጋል። ቤቴ ምድር ላይ ባይሆን ኖሮ እሱንም አላስገባውም ነበር። ትንሹ አርጃኖ እንኳ ይህን ያህል ይጠይቃል።

እ.ኤ.አ. በ1997 ጀርመን ውስጥ የወጣው የተሳቢ እንስሳት አያያዝ መመሪያ የመኖሪያውን ስፋት የሚያሰላው በእንስሳው በራሱ ርዝመት ነው፦ ከአፍንጫው እስከ ጭራው መነሻ ያለውን ለክቶ ያባዛዋል። አካሄዱን እወደዋለሁ፣ መለኪያው ባለቤቱ ነውና። እኔ የምጨምረው፣ ስትገዙ ልኩን የምትወስዱት ካደገው እንጂ ከግልገሉ እንዳይሆን ነው።

«አሁን በትንሽ ልጀምር፣ በኋላ ሰፊ ቤት ስገባ እቀይርለታለሁ» የሚሉኝ አሉ። እኛ የስደት ልጆች ይህን ዓረፍተ ነገር በደንብ እናውቀዋለን። በ14 ካሬ ውስጥ አልጋም፣ ምድጃም፣ ጠረጴዛም ጠቅጥቀን «በሚቀጥለው ዓመት» እያልን አምስት ዓመት የኖርን ነን። ተስፋ ማድረግ መብታችን ነው። ግን እኛ ክፍሉ ሲያፍነን በር ከፍተን እንወጣለን፣ ፓርክ እንሄዳለን፣ ጓደኛ ጋ እናድራለን። አርጃኖው የሚኖረው እኛ በዘጋንበት መስታወት ውስጥ ነው። ገና ያላገኘነውን ቤት ኪራይ እሱ በአጥንቱ እንዲከፍል ማድረግ አይገባንም።

«ክፍሉ ውስጥ ልለቀው» የሚሉም አሉ። የእናንተ ሳሎን 21 ዲግሪ ነው፤ አየሩ ደረቅ፣ ወለሉ ላሚኔት። የሚሞቅበት ድንጋይ፣ የሚቆፍርበት አፈር የለም። ማሞቂያው ሥር ሄዶ ድርቅ ሲል ቪዲዮ ቀርጻችሁ «እንዴት ተላምዶኛል!» ትላላችሁ። በርዶት ነው።

ቦታ ሲያልቅ ምን እንደሚመጣ ለማየት ፍሎሪዳን ማየት ይበቃል። ኬፕ ኮራል በምትባል ከተማ ቦዮች ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1990 አካባቢ ጀምሮ የናይል አርጃኖ እየተራባ ነው፤ ከቤት አምልጠው ወይም ተለቀው የሄዱ ናቸው። መሬት ቆፍረው ጎጆ ለሚሠሩት ጉጉቶች ስጋት ሆነዋል፣ ከተማው በወጥመድ ይይዛቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2021 ግዛቱ ዝርያውን ከተከለከሉት ዝርዝር ውስጥ አስገባው። ገዢው ሳይለካ ገዛ፣ ቅጣቱ ግን በእንስሳው ላይ ወደቀ።

ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አድርጉ። ሜትርና ፕላስተር አውጡ። የመረጣችሁት ዝርያ ሲያድግ የሚፈልገውን ስፋት ወለላችሁ ላይ በፕላስተር ምልክት አድርጉበትና ለአንድ ወር መስመሩን ሳትረግጡ ኑሩ። ጫማ አታስቀምጡበት፣ ወንበር አታስገቡበት። መብራቱ በቀን 12 ሰዓት ሲበራ የሚያስወጣውን የኤሌክትሪክ ሂሳብ አስሉ፣ አከራያችሁንም ጠይቁ። ወሩ ሲያልቅ መስመሩ ካስጨነቃችሁ ወደ ትንሹ ዝርያ ውረዱና እንደገና ለኩ። ትንሹም ካልገባ ፕላስተሩን ላጡት። ገንዘባችሁም አርጃኖውም ይተርፋሉ።