የኑሮ ምክር፦ የአየር ማረፊያ ዶላር ለምን ይወደዳል?



ወላጆቹን ወይም እህት ወንድሞቹን ጎንደር ወይም አዲስ አበባ ትቶ የመጣ ቤተሰብ ለመጀመሪያ ጊዜ ለጥየቃ ሲሄድ ዝግጅቱ ብዙ ነው። ቲኬቱ ይቆረጣል፣ ስጦታው ይገዛል፣ ሻንጣው ይታሰራል። ገንዘብ መመንዘር ግን ብዙውን ጊዜ ለመጨረሻው ሰዓት ይቀራል። «ቤን ጉሪዮን ስንደርስ እንመነዝራለን» ይባላል። በዚህም ምክንያት ለእናት መድኃኒት ተብሎ ከደመወዝ የተቆጠበው ወይም ከዘመድ የተዋጣው ገንዘብ ከፊሉ እዚያው አየር ማረፊያ ይቀራል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእስራኤል ባንክ በሥራ ቀናት «ሻዓር ያጺግ» የሚባል የምንዛሪ ዋጋ ያወጣል። ይህ ዋጋ መለኪያ ነው እንጂ እኛ የምንገዛበት አይደለም። መንዛሪው በሰሌዳው ላይ ሁለት ዋጋ ይጽፋል። «ምኺራ» የሚለው እርሱ ለእኛ ዶላር የሚሸጥበት ነው፤ «ክኒያ» የሚለው ደግሞ ከእኛ የሚገዛበት ነው። ትርፉ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ስለዚህ «ለሎ ዓምላ»፣ ማለትም ያለ ኮሚሽን፣ የሚል ጽሑፍ ስታዩ በነፃ ተመነዘረ ማለት አይደለም። ክፍያው ዋጋው ውስጥ ተጨምሮ ሊሆን ይችላል።

ለሒሳብ እንዲመች 1 ዶላር 4 ሸቅል ነው እንበል። ይህ ለምሳሌ ያህል ነው እንጂ የዛሬ ዋጋ አይደለም። በከተማ 4.05 ቢሸጥ፣ ለ1,000 ዶላር 4,050 ሸቅል ትከፍላላችሁ። በአየር ማረፊያ 4.25 ቢሸጥ 4,250 ሸቅል ይሆናል። ልዩነቱ 200 ሸቅል፣ ማለትም ወደ 50 ዶላር ነው። ከ2024 ወዲህ 1 ዶላር ከ100 ብር በላይ ስለሚመነዘር፣ ይህ ለዘመዶቻችን ከ5,000 ብር በላይ ነው። ስትመለሱም የተረፋችሁን 200 ዶላር በዚያው መስኮት በ3.75 ብትሸጡ 750 ሸቅል ብቻ ታገኛላችሁ። ስትገዙት ግን 850 ሸቅል ከፍላችሁበት ነበር።

አየር ማረፊያው ለምን ያስወድዳል? የቦታው ኪራይ ውድ ነው። ከሁሉ በላይ ግን ተጓዡ ቸኩሏል፣ ሌላ ቦታ ሄዶ ዋጋ ለማወዳደርም ጊዜ የለውም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ?

ስለዚህ የሚከተለውን እንድታደርጉ እንመክራለን።

1. ከጉዞው አንድ ሳምንት ቀደም ብላችሁ የባንካችሁን፣ የውጭ ገንዘብ የሚሸጡ የፖስታ ቤት ቅርንጫፎችንና ፈቃድ ያላቸውን የከተማ መንዛሪዎች ዋጋ ጠይቁ። መታወቂያችሁን ያዙ። በረራችሁ ሰንበት ሲወጣ ከሆነ እስከ ሐሙስ ጨርሱ።

2. ገንዘቡን ከመስጠታችሁ በፊት በዕብራይስጥ እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦ «ካማ ሽካሊም አኒ ሜሻሌም ቤሳኽ ሀኮል?» በጠቅላላው ስንት ሸቅል እከፍላለሁ ማለት ነው። ሴት ከሆናችሁ «ሜሻሌሜት» በሉ። የሚነገራችሁን ቁጥር ጻፉና ከሌላው ጋር አወዳድሩ። ጠይቆ ሳይመነዝሩ መውጣት ነውር አይደለም፤ ሌላውም ሰው የሚያደርገው ነው።

3. ደረሰኝ ተቀበሉ፤ ገንዘቡንም እዚያው መስኮቱ ፊት ቁጠሩ።

አንዳንዴ ግን መርዶ ይመጣል፤ ሰው በዚያው ሌሊት ለለቅሶ ይነሳል። እንዲህ ሲሆን በአየር ማረፊያ መመንዘር የግድ ነው። ለታክሲና ለመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚበቃውን ብቻ መንዝሩ። የቀረውን እዚህ ያለ ዘመድ በማግሥቱ በባንክ ወይም ፈቃድ ባለው የገንዘብ ማስተላለፊያ ሊልክላችሁ ይችላል። እዚያም ክፍያውንና የምንዛሪውን ዋጋ ሁለቱንም ይጠይቅ።

ኢትዮጵያ ስትደርሱም መጠንቀቅ ያስፈልጋል። እስከ ሐምሌ 2024 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር 1 ዶላር በባንክ ወደ 57 ብር ነበር። በዚያ ወር መጨረሻ መንግሥት ዋጋው በገበያ እንዲወሰን ስላደረገ፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ስለዚህ ከዚያ በፊት ሄዶ የመጣ ሰው የሚነግራችሁ ዋጋ ዛሬ አይሠራም። ባንኮቹ የየራሳቸውን ዋጋ ስለሚያወጡ ሁለት ሦስቱን ጠይቁ። መንገድ ላይ «ጨምሬ እመነዝርላችኋለሁ» የሚላችሁን አትከተሉ፤ ሕገ ወጥ ነው፣ ሐሰተኛ ብርም ሊያስይዛችሁ ይችላል። የሚያስፈልጋችሁን ያህል በየጊዜው መንዝሩ፤ ብር እስራኤል ውስጥ በቀላሉ አይመነዘርምና ተርፎ እንዳይመለስ።

ዋጋ የተጻፈበት ወረቀት ያልገባችሁ እንደሆነ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ዕብራይስጥ ለሚያነብ ልጃችሁ ወይም በአካባቢያችሁ ላለው የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ አሳዩ። ለጥያቄ የምታጠፉት ግማሽ ሰዓት ለእናታችሁ የያዛችሁት ገንዘብ ሳይጎድል እጇ እንዲገባ ያደርጋል።

መልካም ጉዞ፣ በሰላም ተመለሱ።