ብርድና ግዢ



የለጋምቦ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው አቀስታ ከደሴ ወደ መካነ ሰላም በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በደጋው አናት ትገኛለች። በተለይም በኅዳርና በታኅሣሥ ሣሩ ውርጭ ለብሶ ያድራል፤ ቀትር ላይ ግን ፀሐዩ ካፖርት ያስወልቃል። ልጽፍ የተነሣሁት ይህ ብርድ በኪሳችን ላይ ስላለው ሥልጣን ነው።

ከቆላ ተዛውሮ የሚመጣ ሠራተኛ ብርድ ልብስ ለመግዛት የሚሄደው ከቢሮ ሲወጣ፣ ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ ነው። በዚያ ሰዓት የዋጋ ክርክር የለም። ሻጩ የጠራውን ከፍሎ፣ አንድ የሚበቃው ሰው ሁለት ተሸክሞ ይሄዳል። ከበግ ጠጉር የተሠራውን ባና ዞር ብሎም አያየው፤ ባና ለመምረጥ መዘርጋትና መዳሰስ ያስፈልጋልና፣ እጁ ደግሞ ከኪሱ መውጣት አይፈልግም። በቀትር የሚገዛው በአንጻሩ ስሱን ይወስድና ሌሊቱን ሲገላበጥ ያድራል።

ነገሩ የኛ ብቻ አይደለም። ኮንሊን፣ ኦዶናሁና ቮገልሳንግ የተባሉ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች በአሜሪካ በፖስታ የታዘዙ የብርድ ጊዜ ልብሶችን መዝገብ መርምረው በ2007 እ.ኤ.አ. ጽፈዋል። በትእዛዙ ቀን ሙቀቱ 30 ዲግሪ ፋራናይት ዝቅ ያለ እንደ ሆነ፣ ዕቃው የመመለሱ ዕድል ወደ 4 በመቶ ያህል ከፍ ይል ነበር። አራት በመቶ ምን አላት የሚል ይኖር ይሆናል። እዚያስ መመለስ አለ፤ በኛ ሱቆች ግድግዳ ላይ የምናነበው ግን «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ላለበት ዕቃ መፍትሔ ሰጥቷል፤ ብርድ ልብሱ ግን ጉድለት የለበትም፤ የተንቀጠቀጠው ገዢው ነው! ነጋዴዎቻችን ያልተፈታውን ዕቃ እስከ ማግስቱ ቀትር ቢቀበሉ ደንበኛ ያተርፋሉ እንጂ ምን ይጎዳሉ?

ከግል ኪስ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን የመሥሪያ ቤት ግዢ ነው። ኮሚቴው በማለዳ፣ ወለሉ ሲሚንቶ በሆነ ክፍል ተሰብስቦ የዋጋ ማቅረቢያዎችን ይከፍታል። የሁሉም ልብ ደጅ ካለው ፀሐይ ዘንድ ነው። ሦስተኛው ሰነድ ተነቦ ሳያልቅ «እንስማማና እንፈርም» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ የተፈረመበትም የሕዝብ ገንዘብ ነው። ስለዚህ የሚመለከታቸው ኃላፊዎች እንዲህ ያለውን ስብሰባ ወደ ረፋዱ እንዲያዛውሩት በትሕትና አሳስባለሁ። ወጪ የለውም፤ በጥሪው ደብዳቤ ላይ ሁለት ሰዓት ተኩል የሚለውን አምስት ሰዓት ብሎ መጻፍ ብቻ ነው።

አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከአቀስታ