«ሲሞቀው ይሸሻል»

አሜሪካም ሆነ እንግሊዝ እባብ የሚሸጥበት ሱቅ ገብቶ ስለ ማሞቂያ አምፖል የጠየቀ ሰው አንድ ማጽናኛ አያጣም፦ «አያስቡ፤ ሲሞቀው ራሱ ይሸሻል።» እባብ ቤት ውስጥ ማሳደግ ብዙውን የሀበሻ ወላጅ የሚያስማትብ ነገር ነው። እዚያ የተወለደ ልጅ ግን ጓደኛው ቤት ያየውን ይዞ መጥቶ ይወተውታል፤ ወላጅም ተሸንፎ ሱቅ ይሄዳል፤ ከእባቡ ጋር ይህችኑ ማጽናኛ ይዞ ይመለሳል። የምትጎዳው ደግሞ ግማሽ እውነት ስላላት ነው።

እባብ እንደኛ ከውስጡ ሙቀት እያመነጨ አይኖርም። ፀሐይና ጥላ እያፈራረቀ ነው ሰውነቱን የሚያስተካክለው። ቤት ውስጥ በብዛት ከሚያዙት ዘንዶዎች አንዱ፣ ቦል ፓይተን የሚሉት፣ አገሩ ምዕራብና መካከለኛው አፍሪካ ነው፤ ቀትሩ ሲበረታበት ኩይሳ ወይም የአይጥ ጉድጓድ ውስጥ ይገባል። እሺ፣ ያ መሸሽ ነው። አንድ ሜትር ከምናምን በሆነ የመስታወት ሣጥን ውስጥ ግን አምፖሉ ሞቃቱንም ቀዝቃዛውንም ጥግ ካጋለው ወዴት ይሸሻል?

መሸሻ ቢኖረውም ላይሸሽ ይችላል። እባብ የሚያክሙ ሐኪሞች ዘንድ ቃጠሎ ብርቅ አይደለም፤ እንስሳው የጋለ ነገር ላይ ተኝቶ ወይም አምፖሉ ላይ ተጠምጥሞ ሥጋው እስኪበስል ይቆያል። በተለይ የቀረው ሣጥን ቀዝቃዛ ከሆነ ያለችውን አንዲት የሙቀት ምንጭ የሙጥኝ ይላል። የሚገርመው፣ ቦል ፓይተን ከንፈሩ ዙሪያ የአይጥን ሙቀት በጨለማ ከርቀት የሚለዩ ጉድጓዶች አሉት። በ2010 ይህን ሙቀት የሚቀበለውን ፕሮቲን ለይተው ካሳወቁት ተመራማሪዎች አንዱ፣ ዴቪድ ጁሊየስ፣ በ2021 በሙቀትና በንክኪ ስሜት ጥናቱ ኖቤል ተሸልሟል። ያ ሁሉ ስሜት ግን ሆዱን ከቃጠሎ አያድነውም። የሆዱ ቅርፊት መጀመሪያ ይቀላል፣ ቀጥሎ ውኃ ይቋጥራል፣ ከዚያ ይጠቁራል፤ እስኪድን ድረስ ቆዳውን ደጋግሞ መግፈፍ አለበት፤ ጠባሳውም አብሮት ይኖራል።

ሁለተኛው ልማድ ሠንጠረዡ ነው፤ ለዚህ ስፋት ሣጥን ይህን ያህል ዋት የሚለው። ዋት አምፖሉ የሚበላውን ኃይል እንጂ እባቡ ጀርባ ላይ የሚያርፈውን ሙቀት አይነግርም። ጥር ላይ 18 ዲግሪ በሆነ ሳሎን ውስጥ ልክ የነበረ 100 ዋት፣ ሐምሌ ላይ ሳሎኑ 29 ሲደርስ ሣጥኑንም በዚያው ግድም ወደ ላይ ይገፋዋል። ለቦል ፓይተን የሚፈለገው ደግሞ መሞቂያው ቦታ ላይ 32 ዲግሪ አካባቢ፣ ቀዝቃዛው ጥግ ላይ 26 አካባቢ ነው፤ አሥር ዲግሪ የሚያሳስት ክፍተት የለም። እንጀራ ጋጋሪ የኤሌክትሪክ ምጣዷን ዋት አንብባ ሊጥ አታፈስም፤ ምጣዱ መስማቱን በማሟሻዋ ታያለች። ለእባብ ሲሆን ካርቶኑን ማንበብ እንዴት በቂ ሆነ?

ታይመርም መፍትሔ አይደለም፤ ታይመር ሰዓት እንጂ ሙቀት አያውቅም። የሚያስፈልገው ሙቀቱን እየለካ አምፖሉን የሚቆጣጠረው መሣሪያ፣ ቴርሞስታት ነው፤ እሱም ከአምፖሉ ጋር የሚስማማው። ብርሃን ለሚሰጥ አምፖል ኃይሉን ቀስ በቀስ የሚቀንሰው የዲመር ዓይነት ይሻላል፤ ሙሉ በሙሉ የሚያበራና የሚያጠፋው ዓይነት ሣጥኑን እንደ ጭፈራ ቤት ብልጭ ድርግም ያደርገዋል፣ አምፖሉንም ቶሎ ይጨርሰዋል። ብርሃን የሌለው የሴራሚክ ማሞቂያ ከሆነ ኃይሉን በአጫጭር ምት የሚልከው ይስማማዋል።

ቴርሞስታት የገዙትም ቢሆኑ ስክሪኑ ላይ የሚታየውን ቁጥር እንደ ወንጌል ያምናሉ። ያ ቁጥር የሴንሰሩ ጫፍ ያለበት ቦታ ሙቀት ነው፤ ሌላ ምንም አይደለም። እባብ ደግሞ ጉልበተኛ ነው፤ ሲሳብ ገመዱን ይገፋዋል። ሴንሰሩ ከመሞቂያው ተነቅሎ ቀዝቃዛው ጥግ ወይም የውኃው ሳሕን ውስጥ ከወደቀ ቴርሞስታቱ «ገና አልሞቀም» ብሎ አምፖሉን በሙሉ ኃይሉ ያነደዋል። የተበላሸ ነገር የለም፤ መሣሪያው የታዘዘውን ነው የሚሠራው፤ እባቡ ግን ይቃጠላል። ስለዚህ ሴንሰሩ እባቡ በሚተኛበት ከፍታ በማይነቀል ማሰሪያ ይጠበቅ፤ ከእሱ የተለየ ሌላ መለኪያም ይኑር። ግድግዳው ላይ በሙጫ የሚለጠፈው ክብ ቴርሞሜትር የመስታወቱን ወሬ ነው የሚያወራው። በኢንፍራሬድ መለኪያ እባቡ የሚተኛበትን ድንጋይ ወይም እንጨት መለካት ይሻላል።

ሌሊት ቀይ አምፖል የሚያበሩም አሉ፤ «እባብ ቀይ አያይም» ተብለው። በ1999 የታተመ የቦል ፓይተን ዓይን ጥናት 551 ናኖሜትር አካባቢ ላለ ብርሃን ከሁሉ ይበልጥ የሚነቃ የዓይን ሕዋስ አግኝቶበታል። እንዲህ ያለ ሕዋስ ያለው ዓይን ደማቅ ቀይ ብርሃንን ጨርሶ አያይም ማለት አይቻልም። ለሌሊት ብርሃን አልባው ሴራሚክ እያለ ምን አስጨነቀን? እሱ ግን እጅግ ስለሚግል የፕላስቲክ መያዣ ያቀልጣል፤ የሸክላ መያዣ ይፈልጋል። ሣጥን ውስጥ የሚሰቀል ማንኛውም አምፖል የሽቦ ከለላ ይኑረው። ወንፊት ክዳን ላይ እንዲሁ የሚቀመጠውን ደግሞ ድመት ገፍታ ምንጣፍ ላይ ልትጥለው ትችላለች፤ ቤት የሚቃጠለው እንዲህ ነው።

«እኛ ያለ ቴርሞስታት ስንት ዓመት አሳደግን» የሚሉ አንጋፋዎችን እሰማለሁ። አልዋሹም፤ አምፖሉን ከፍ ዝቅ እያደረጉ፣ በእጃቸው እየዳሰሱ፣ ራሳቸው ቴርሞስታት ሆነው ነው የኖሩት። ጠዋት ሥራ ሄዶ ማታ የሚመለስ ጀማሪ ያንን ሊያደርግ አይችልም፤ ቀትር ላይ የሚመጣውን ሙቀት የሚጠብቅለት የለም።

በእንግሊዝና በዌልስ የ2006ቱ የእንስሳት ደኅንነት ሕግ ለእንስሳው የሚስማማ አካባቢ የማዘጋጀቱን ግዴታ በባለቤቱ ላይ ይጥላል። ባለቤቱ ግን የሚያውቀው ሻጩ የነገረውን ነው። ለአንድ እባብ የቆዳ ቀለም ሲል መቶዎችን፣ አንዳንዴም ሺዎችን የሚከፍል ሰው ቴርሞስታቱን «ከፈለጉ ይጨምሩ» ከተባለው መደርደሪያ ላይ ትቶት የሚወጣው ሻጩ ስላቀለለበት ነው። ከዚያ መደርደሪያ ይነሣ፤ ቴርሞስታት ለሌለው ገዢም አምፖሉ አይሸጥለት።