ጆሯችን ይቅደም!
(ስለ አማተር ሬዲዮ የቀረበ አስተያየት)



እንደሚታወቀው በተቋማችን ስለ ትርፍ ጊዜ ሲነሣ ቶሎ ትዝ የሚለን እግር ኳስ፣ ዳማና ሻይ ቤት ነው። እነዚህን አልነቅፍም፤ እኔም ከዳማው አልጠፋም። ነገር ግን ለእጩ መምህር ከመዝናኛነት አልፎ ሙያውን የሚያዳብርለት ሌላ የትርፍ ጊዜ ሥራ አለ። እሱም አማተር ሬዲዮ ነው።

አማተር ሬዲዮ ማለት ግለሰቦች ለገንዘብ ሳይሆን ለዕውቀትና ለወዳጅነት ሲሉ፣ ፈቃድ አውጥተው፣ በሬዲዮ ሞገድ እርስ በርስ የሚገናኙበት ሥራ ነው። ዜናና ሙዚቃ አይተላለፍበትም፤ ማስታወቂያም አይነገርበትም። አንዱ ካገሩ ሆኖ ይጣራል፤ ሌላው ከባሕር ማዶ ሰምቶ ይመልስለታል። ከዚያ ምን ያህል ጥርት ብለው እንደተሰማሙና ምን ዓይነት አንቴና እንደዘረጉ ይጨዋወታሉ።

ይህ ነገር እኔን እንዴት ያዘኝ? 11ኛ ክፍል ሳለሁ ሞገድን የተማርነው በጠመኔ ብቻ ነበር። መምህራችን እንደ እባብ የሚጥመለመል መስመር ሰሌዳው ላይ ሣሉ፤ ፍጥነት ማለት የሞገድ ርዝመት ሲባዛ በፍሪኩዌንሲ ነው ብለው ጻፉ። ገለበጥን፣ ሸመደድን፣ ፈተናውንም አለፍን። በሳቸው አልፈርድም፤ የቤተ ሙከራው በር ተቆልፎ ቁልፉ የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። በዚያው ክረምት የአባቴን ሬዲዮ ላሠራ ወደ ሰፈራችን ሬዲዮ ጠጋኝ ዘንድ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ እዚህ ላይ 41 ሜትር የሚለው ምንድነው?» አልኳቸው።

«የሞገዱ ርዝመት ነዋ! አልተማርክም እንዴ?»

«ተምሬአለሁ።»

«እንግዲያው 300ን ለ41 አካፍላ!»

አካፈልኩ፤ 7.3 መጣ። ጋሼ ምንም ሳይናገሩ ጣታቸውን እዚያው መስኮት ላይ፣ ከ41 ሜትር ትይዩ ወዳለው ቁጥር ሰደዱ፤ 7.3 ሜጋ ኸርዝ ነበር። ለካ ያ የሸመደድኩት ቀመር ቤታችን መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ኖሯል! የብርሃን ፍጥነት በሴኮንድ 300 ሚሊዮን ሜትር ስለሆነ፣ 300ን ለሜትሩ ሲያካፍሉ ሜጋ ኸርዙ ይወጣል። ያን ዕለት እውነቱን ለመናገር አፈርኩ።

ወገኖቼ፣ በሚመጣው መንፈቅ ለማስተማር ልምምድ እንወጣለን። እኔ የምፈራው ያንኑ እባብ ደግሜ ሰሌዳ ላይ እንዳልሥል ነው። ያልነካነውን ነገር ስናስተምር ልጆቹ ከኛ የሚወርሱት ሽምደዳን ብቻ ነው።

አንዳንድ ጓደኞቼ «በሞባይል ዘመን ይኼ ምን ያደርጋል?» ይሉኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ሞባይል የሚሠራው ማማውና ኔትወርኩ እስካሉ ድረስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ኔፓልን የመሬት መንቀጥቀጥ በመታት ጊዜ የመገናኛው አውታር ሲጎዳ፣ መልእክት በማስተላለፍ ከረዱት መካከል አማተሮች ይገኙበታል። ሁለተኛም፣ ሞባይልን እንጠቀምበታለን እንጂ ከፍተን አንማርበትም። አማተር ግን አንቴናውን ራሱ ይለካል፣ ራሱ ይሰቅላል፣ ሲበላሽም ራሱ ይመረምራል። ሳይንስም ከዚህ ተጠቅሟል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1912 የወጣው ሕግ አማተሮችን ከ200 ሜትር በታች ወዳሉት ሞገዶች ገፋቸው፤ ያን ጊዜ እነዚያ ሞገዶች ለሩቅ መገናኛ አይረቡም ይባል ነበር። በኅዳር ወር 1923 እ.ኤ.አ. ግን አሜሪካዊው ፍሬድ ሽኔልና ፈረንሳዊው ሌዎን ደሎይ በ110 ሜትር ገደማ አትላንቲክን አሻግረው ተነጋገሩ። የተናቀው ሞገድ ዓለምን አገናኘ ማለት ነው።

ታድያ ከየት እንጀምር? በበኩሌ ከጆሮ እንጀምር እላለሁ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ገና ሳያዳምጥ መናገር ይፈልጋል። ለማዳመጥ አንድ አጭር ሞገድ ያለው አሮጌ ሬዲዮ ይበቃል። ከ7.0 እስከ 7.2 ሜጋ ኸርዝ ያለው ቦታ 40 ሜትር የሚባለው የአማተሮች ሰፈር ነው። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ፣ ቀን ላይ ይህን ሞገድ የሚውጠው የታችኛው የከባቢ አየር ንጣፍ ስለሚሳሳ፣ ሩቁ መሰማት ይጀምራል። የ40 ሜትር ሩብ የሆነ 10 ሜትር ቀጭን ሽቦ ከአንቴናው ጋር አያይዞ ዛፍ ላይ መስቀል ነው። ነገር ግን አደራ! ከኤሌክትሪክ መስመር አጠገብ አይሰቀልም፤ ደመና ሲያጉረመርም ደግሞ ሽቦው ይነቀላል።

በተራ ሬዲዮ የአማተሮች ንግግር እንደ ዳክዬ ጩኸት ሆኖ ሊሰማችሁ ይችላል። ይህም የሚሆነው ባብዛኛው በነጠላ ጎን ስለሚያስተላልፉና ተሸካሚውን ሞገድ ስለሚያስቀሩት ነው። መላውን ያሳዩኝ እኒያው ጠጋኝ ናቸው። ሁለተኛ ሬዲዮ አስጠግቶ፣ ድምፁን ዘግቶ፣ በ455 ኪሎ ኸርዝ ዝቅ ባለ ቁጥር ላይ ቀስ እያሉ ማዞር ነው፤ የመጀመሪያው 7.1 ላይ ከሆነ ሁለተኛው 6.645 ላይ ማለት ነው። ብዙዎቹ ሬዲዮዎች ውስጣቸው ከተቃኙበት በ455 ኪሎ ኸርዝ ከፍ ያለ ደካማ ሞገድ ስለሚያመነጩ፣ እሱ የቀረውን ተሸካሚ ይተካዋል። እኔ በሦስተኛው ምሽት ዳክዬው ድንገት ሰው ሆነልኝ! ሰውዬው በጣልያንኛ ዘዬ እንግሊዝኛ «ሲ ኪው፣ ሲ ኪው» እያለ ይጣራል፤ ትርጉሙም «የምትሰሙኝ ሁሉ መልሱልኝ» እንደማለት ነው። መመለስ ባልችልም ከደስታዬ የተነሣ ብድግ አልኩ።

የሰማነውን በደብተር እንመዝግብ፤ ቀኑን፣ ፍሪኩዌንሲውን፣ ሰዓቱን። የኛ ከምሽቱ 1 ሰዓት በዓለም አቀፉ አቆጣጠር 16 ሰዓት ነው፤ ይህም ራሱ አንድ የጂኦግራፊ ትምህርት ይወጣዋል። ሞርስንም በዓይን ሳይሆን በጆሮ እንልመደው። ሞርስ ለፈቃድ በዓለም አቀፍ ደንብ ግዴታ መሆኑ እ.ኤ.አ. በ2003 ቀርቷል፤ ቢሆንም ደካማ መሣሪያ ላለው ሰው ሩቅ ያደርሰዋል።

ማሠራጨት ግን ያለ ፈቃድ አይቻልም፤ ይህን ማንም በጨዋታ እንዳይወስደው። ባገራችን የሬዲዮ ሞገድን የሚያስተዳድረው በ2011 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። የኢትዮጵያ አማተሮች መጠሪያ በ«ኢቲ» ይጀምራል። በአዲስ አበባ አምስት ኪሎ፣ በቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ግቢ ያለው የክለብ ጣቢያ ኢቲ3ኤኤ ይባላል። ከዚያ የኛ ልጆች ከዓለም ጋር ተነጋግረዋል፤ ስለዚህ ነገሩ ለኛ የሰማይ ያህል የራቀ አይደለም።

የኔ ሐሳብ አጭር ነው። በዕቃ ግምጃ ቤታችን አቧራ የለበሱ ሬዲዮዎች አሉ። ሁለቱን አስፈቅደን እናውጣ፤ በሳምንት ሁለት ምሽት የምንሰበሰብ የአዳማጮች ክበብ እናቋቁም። ወጪው ሽቦና ባትሪ ብቻ ነው። ስንመረቅም እያንዳንዳችን አንድ ጥቅል ሽቦ ይዘን ወደምንመደብበት ትምህርት ቤት እንሄዳለን። አንድ የገጠር ልጅ በገዛ እጁ ባካፈለው ቁጥር ላይ የሩቅ አገር ድምፅ ሲሰማ፣ ያን ቀመር ዕድሜ ልኩን አይረሳውም።

በዚህ የማይስማማ ካለ በሚቀጥለው እትም ይመልስልኝ። የሚስማማ ግን ዳማውን ለአንድ ምሽት ትቶ ይምጣ፤ እኔም እመጣለሁ።