የእናት አንጀት መምህር አያደርግም

በወለጋ ከነቀምቴ እስከ ደምቢ ዶሎ፣ ከጊምቢ እስከ ሻምቡ ስለ ሕፃናት መምህር ሲወራ አንድ አባባል አይጠፋም፤ «ለሕፃን የሚያስፈልገው የእናት አንጀት ነው።» ወላጁ ይለዋል፣ ርዕሰ መምህሩ ይለዋል፣ መምህርቷም ራሷ በኩራት ትለዋለች። ልጁ ማየት ወይም መስማት የተሳነው ከሆነ ደግሞ ይብሳል፤ ርኅራኄና ትዕግሥት ካለ ሌላው ትርፍ ነው ይባላል። ሲሰሙት ደግ ነገር ይመስላል። እኔ ግን ስለ ትንንሽ ልጆች ከሚነገረው ሁሉ የከፋው ይኸው ነው ባይ ነኝ። ሥራው አንጀት ብቻ ከሆነ ሥልጠናው ቢያጥር፣ ደመወዙ ቢያንስ፣ ስሕተቱም ጠያቂ ቢያጣ ማን ይገረማል? አንጀትን ማን ይገመግማል?

የፖሊሲ ወረቀቱን መንገድ ቶሎ ልለፈው። አካል ጉዳተኛውም ልጅ ከሌሎች ጋር በአንድ ክፍል ይማር የሚለው፣ የአካቶ ትምህርት የሚባለውን ያወጀው የሳላማንካ መግለጫ እ.ኤ.አ. በ1994 ወጣ። አገራችን የአካል ጉዳተኞችን መብት ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2010 አጸደቀች፤ የቅድመ ልጅነት ክብካቤና ትምህርት ማዕቀፍም የወጣው በዚያው ዓመት ነው። ከአንደኛ ክፍል በፊት ያለው ዜሮ ክፍልም በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ተከፈተ። ወረቀቱ አይታማም፤ የሚታማው ወረቀቱን ይዛ ክፍል የምትገባዋ መምህርት ምን ተምራ እንደመጣች ነው።

አንድ ልጅ እናስብ። መስከረም ነው፤ ወለጋ ደግሞ መስከረም ጠባ ብሎ ዝናቡን አይተውም። ቆርቆሮው ይንጫጫል። ልጁ ጉንፋን በያዘው ቁጥር ጆሮው ይመግላል፤ አንድ ሳምንት ይሰማል፣ በሚቀጥለው አይሰማም። በአፋን ኦሮሞ «ለፈ» አናባቢው አጥሮ ሲነገር መሬት ነው፤ «ላፋ» ተብሎ ሲረዝም ለስላሳ፣ ደካማ ማለት ነው። ቋንቋው የሚጻፍበት የላቲን ፊደል፣ ቁቤ፣ ይህን ልዩነት ፊደል ደርቦ ያሳያል፤ ነገር ግን ልጁ ርዝመቱን በጆሮው ካልለየ በዓይኑ የሚያየው ሁለት «a» ምኑም አይደለም። ስለዚህ ይደናገራል፣ ጓደኞቹ ይስቃሉ፣ ዝም ይላል። የእናት አንጀት ያላት መምህርት ምን ታደርጋለች? ታቅፈዋለች። ከረሜላ ትሰጠዋለች። ለእናቱም «ሲፈልግ ይሰማል፣ ሲፈልግ አይሰማም፤ ትንሽ አመለኛ ነው» ትላታለች። ፍቅሯ እውነተኛ ነው፤ ልጁ ግን እየደነቆረ ነው።

የሠለጠነችው «ሲፈልግ ይሰማል» የሚለውን ቃል ስትሰማ ትደነግጣለች፤ የሚመጣና የሚሄድ የመስማት ችግር ምልክቱ ይኸው ነውና። ከኋላው ቆማ በሹክሹክታ ስሙን ትጠራዋለች። በየትኛው ጆሮው እንደሚሻለው ታያለች፤ ያንን ጆሮ ወደ እሷ አድርጋ ከፊት ታስቀምጠዋለች። ፊቷን ወደ ሰሌዳ አዙራ አታወራም። ዝናቡ ሲበረታ ንግግሩን ትታ በእጅ ወደሚሠራ ሥራ ትዞራለች። ለእናቱ «አመለኛ ነው» ሳይሆን «ጤና ጣቢያ ውሰጂው» ትላታለች። ከዚህ ሁሉ ገንዘብ የሚጠይቅ የትኛው ነው? አንዱም። ሳይማሩት የሚታወቀውስ? እሱም አንዱም።

«ፍቅር ይበቃል» ባዮች ምስክር ሲጠሩ፣ በተለይ ነቀምቴ ላይ፣ አስቴር ጋኖን ይጠራሉ። ታሪኳን ሲያወሩ እንባ ይቀድማቸዋል፤ በልጅነቷ ባሪያ የተደረገች፣ ወደ ዓረብ አገር ልትሸጥ በመርከብ ስትወሰድ እ.ኤ.አ. በ1886 ጣሊያኖች ያስጣሏት፣ በመጨረሻም ወለጋ መጥታ ሕፃናትን ያስተማረች ደግ ሴት። ሁሉም እውነት ነው። ግን በዚህ አተራረክ መሐሉ ተዘልሏል፤ የኔ ነገር ያለው ደግሞ መሐሉ ላይ ነው።

አስቴር ከመርከቡ ወርዳ በቀጥታ ወደ ክፍል አልገባችም። ምጽዋ አጠገብ እምኩሉ በነበረው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማረች። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ የተረጎመው አናሲሞስ ነሲብ፣ እሱም ከባርነት ነፃ የወጣ፣ የቋንቋ ስጦታዋን አይቶ ሥራ ሰጣት፤ ሥራውም ሕፃን ማቀፍ ሳይሆን የኦሮምኛ መዝገበ ቃላት ማሰናዳት ነበር። መዝገበ ቃላቱ እ.ኤ.አ. በ1893 የታተመውን የሐዲስ ኪዳን ትርጉም ለማረም ዋለ። ከዚያ ወደ 500 የሚደርሱ እንቆቅልሾችን፣ ተረቶችን፣ ምሳሌያዊ ንግግሮችንና ዘፈኖችን በጽሑፍ አሰፈረች። ብዙዎቹ እ.ኤ.አ. በ1894 ለጀማሪ አንባቢዎች በታተመው መጽሐፍ ውስጥ ገቡ፤ ያን ጊዜ የተጻፈውም በግዕዝ ፊደል ነበር። ነቀምቴ ገብታ ማስተማር የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1904 ከአናሲሞስ ጋር ወደ ወለጋ ከመጣች በኋላ ነው። ቁጠሩት፤ ከመርከቡ እስከ ወለጋ 18 ዓመት። እኛ ይህን በአንድ ኮርስ ልንጨርሰው እንፈልጋለን።

ደግሞ የሠራችውን እንመልከተው። የማንበቢያ መጽሐፍ ሲዘጋጅ ቀላሉ መንገድ የሌላውን አገር መጽሐፍ መገልበጥ ነው። እዚህ ግን ልጁ ፊደል ሳያይ በጆሮው ይዞት ከመጣው ተጀመረ። ማታ እሳት ዳር «ሂቦ!» ሲባል «ሂባካ!» ብሎ መመለስ የሚችል ልጅ፣ ያንኑ ገጹ ላይ ሲያገኘው ፊደሉ ባዕድ አይሆንበትም። በአማርኛው «እንቆቅልህ» ሲባል «ምን አውቅልህ» እንደምንለው፤ መልሱ የጠፋበት ልጅ እንኳ አገር ሰጥቶ ይቀጥላል እንጂ ከጨዋታው አይባረርም። የማያየው ልጅ እንቆቅልሽ ላይ ከማንም እኩል ነው፤ እንዲያውም ሊበልጥ ይችላል። ከቤቱ ሌላ ቋንቋ ይዞ የመጣው ልጅ መልሱን በዕቃ ወይም በእጅ ማሳየት ይችላል። አስቴር «አካቶ» የሚል ቃል ሰምታ አታውቅም፤ በዘመኗም አልነበረም። የአካቶ ሥራ ሀሁ ግን ይኸው ነው፤ ልጁ ከጎደለው ሳይሆን ካለው መጀመር። ይህንንም የሠራችው በአንጀቷ ሳይሆን በጆሮዋ፣ በብዕሯና በረጅም ልምምድ ነው።

አሁን ወደ ዛሬዋ ሠልጣኝ። ስለ ልዩ ፍላጎት የምትማረው በአብዛኛው አዳራሽ ውስጥ ነው፤ የጉዳት ዓይነቶችን ከነትርጉማቸው ታጠናለች፣ ትፈተናለች፣ ታልፋለች። የመስማት ችግርን ደረጃ በዴሲቤል ልትነግራችሁ ትችላለች። ከኋላ ቆማ በሹክሹክታ ስም ጠርታ ግን አታውቅም። ለማስተማር ልምምድ (ፕራክቲከም) ስትወጣም ከልጁ ይልቅ ቅጹን ስትሞላ ትከርማለች። እኔ ብሆን አዳራሹን ዘግቼ ዜሮ ክፍል ውስጥ አከርማታለሁ። ለማያይ ልጅ ቁጥር በበቆሎ ፍሬና በገበጣ ጉድጓድ ታስተምር። ለመናገር የሚዘገይ ልጅ ጥያቄ ጠይቃ አሥር እስክትቆጥር በዝምታ መጠበቅን ትልመድ፤ ከባዱ ይኸ ነው፣ ሞክሩትና እዩት። ባለፉት ዓመታት በወለጋ በነበረው ግጭት ስንት ትምህርት ቤት እንደተዘጋ የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ በር ጓ ሲል ጠረጴዛ ሥር የሚገባን ልጅ ምን እንደሚሉትም ትማር። እሱም በየትኛውም የጉዳት ዝርዝር ውስጥ ሳይገባ አካቶን የሚፈልግ ነው።

የሚነሳብኝን አውቃለሁ። «በስልሳ ልጅ ክፍል ይህ ቅዠት ነው» ይላሉ። ስልሳ ልጅ ባለበት ነው እንጂ ያላወቀች መምህርት የምትጠፋው! አሥር ልጅ ባለበት አላዋቂም ቢሆን ይደርሳል። «የልዩ ፍላጎት ባለሙያ ይሥራው» የሚሉም አሉ። ባለሙያው ይምጣ፣ ደስ ይለናል፤ ግን ልጁን አይቶ የሚጠራው ማን ነው? አንድ መከራከሪያ ብቻ ይከብደኛል። ፈጽሞ የማይሰማ ልጅ የምልክት ቋንቋ የሚናገሩ ጓደኞችና አዋቂዎች ያስፈልጉታል፤ አንዲት መምህርት ከሞጁል ያገኘቻት ሃያ ምልክት ቋንቋ አትሆነውም። መስማት የተሳናቸው ሰዎች የራሳችን ትምህርት ቤት ይኑረን ሲሉ እውነት አላቸው። እሱ ልጅ ግን ሰባት ዓመቱ ሳይሞላ ወደዚያ የሚላከው፣ በአራት ዓመቱ የለየችው መምህርት ስትኖር ነው።

ስለዚህ ለወለጋ የመምህራን ኮሌጆች አንድ ነገር እጠይቃለሁ። በሚቀጥለው ምረቃ ዋዜማ እያንዳንዷን ሠልጣኝ ዝናብ በሚያንጫጫው ቆርቆሮ ሥር ከሠላሳ ሕፃናት ጋር አስገቧት። ከመካከላቸው ያልሰማውን፣ ያላየውንና የፈራውን ለይታ ለሦስቱም የሚሆን አንድ ጨዋታ ካላጫወተች ዲፕሎማውን አትስጧት። ምንም ያህል ሕፃን ብትወድ፣ አትስጧት።