ማዕቀብ የለመንንበት ዘመን

በ2014 ዓ.ም. የካቲት ሩሲያ ዩክሬንን ስትወር የአዲስ አበባው ሰፈሬ ኮልፌ ቀራንዮ ብዙ አላመነታም። ከጦር ኃይሎች አየር ጤና በሚመላለሰው ሚኒባስ፣ አጠና ተራ እንጨት በሚያወርዱት ወጣቶች መሐል፣ ሦስት ቁጥር ማዞሪያ ጀበና ቡና የሚጠጣበት በርጩማ ላይ የምሰማው ባብዛኛው አንድ ዓይነት ነበር፦ «እሰይ! የሚያስቆማቸው ተገኘ።» የሚያስቆመው ማንን እንደሆነ የጠየቀ የለም። ዩክሬን እንዳልሆነች ግን ሁሉም ያውቃል።

ነገሩ ሲጀመርም ስለ ሩሲያ አልነበረም። በዚያው ዓመት መስከረም 7 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ባይደን በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት የማዕቀብ ትእዛዝ ፈርመዋል። ታኅሣሥ 23 ደግሞ ኢትዮጵያ ከአጎዋ፣ ከአሜሪካው ከቀረጥ ነጻ የገበያ ዕድል፣ ተሰረዘች። «በቃ» የሚል መፈክር ይዞ የወጣው ሰው ድምፁ ገና ከጉሮሮው አልጠፋም ነበር። እዚህ ላይ ሞስኮ በዋሽንግተን ማዕቀብ ስትመታ ሰፈሬ የራሱን ቂም በሰው ጦርነት ተወጣ። ሚያዝያ ላይማ አልፎ ሄደ፤ ወጣቶች ማስረጃቸውን ይዘው ቀበና የሩሲያ ኤምባሲ በር ላይ ተሰለፉ። ለሩሲያ ለሚዘምት 2 ሺህ ዶላር ይከፈላል የሚል ወሬ ተነዝቶ ነበር። ኤምባሲው ተዋጊ እንደማይመለምል መግለጫ እስኪያወጣ ድረስ ሰልፉ አልቀነሰም። ያን ሰልፍ የፑቲን ፍቅር ብሎ መተርጎም የሥራ አጥነትን መልክ አለማወቅ ይመስለኛል።

ሽማግሌዎቹ ግን ሌላ ምክንያት አላቸው፤ እሱም እውነት ነው። ከአድዋ በኋላ ቁስለኞቻችንን ሊያክም የመጣው የሩሲያ ቀይ መስቀል ነበር። በደጃዝማች ባልቻ ሆስፒታል ስንት የኮልፌ ሰው በሩሲያ ሐኪም እጅ ታክሟል! በ1970 ዓ.ም. በኦጋዴኑ ጦርነት መሣሪያ የጫኑት የሶቪየት አውሮፕላኖችም አይረሱም። እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ፦ እኛ «የሩሲያ» እያልን የምናመሰግነው አንቶኖቭ የተነደፈው ኪየቭ ነው። በነጻ የትምህርት ዕድል «ሩሲያ ተማርኩ» ከሚሉን ታላላቆቻችን አንዳንዶቹም ዲግሪያቸውን ያገኙት ካርኪቭ ወይም ኦዴሳ ነው። ውለታውን የዋሉልን ሁለቱ ሆነው ሳለ ምስጋናውን ለአንዱ ብቻ ሰጠነው።

ከዚያ ጦርነቱ ድስት ውስጥ ገባ። አምስት ሊትር የምግብ ዘይት ሺህ ብርን ነካ፤ የሸማቾች ማኅበር ሱቅ በር ላይ ሰልፉ ተራዘመ። እርግጥ ዋጋው ከዚያ በፊትም ሽቅብ እየወጣ ነበር፤ የምንዛሪ እጥረቱም የራሳችን ጦርነትም ድርሻቸው ትልቅ ነው። ዩክሬን ደግሞ በሱፍ ዘይት ሽያጭ ከዓለም አንደኛ ነበረች። ሳምቡሳ ጠብሳ የምትሸጥ ጎረቤቴ፣ ሩሲያን የሚያወድሱ አንድ አዛውንትን «ጋሼ፣ ፑቲን ያሸንፍ ካሉ እሺ፤ ዘይቱን ግን ይላኩልኝ» ስትላቸው ሰምቻለሁ። ነሐሴ 24 ቀን ብሬቭ ኮማንደር የምትባል መርከብ 23 ሺህ ቶን የዩክሬን ስንዴ ጭና ለእኛ ርዳታ ጅቡቲ ደረሰች። ስለዚያች መርከብ ታክሲ ውስጥ አንድም ሰው ሲያወራ አልሰማሁም።

እኔን የሚከነክነኝ ግን ማዕቀብን እንደ ፈረንጅ ዱላ ብቻ መቁጠራችን ነው። በ1928 ዓ.ም. ማዕቀብ ጣሉልን ብለን የለመንነው እኛ ነበርን። ሙሶሊኒ መስከረም 22 ወረረን፤ የመንግሥታቱ ማኅበር ኅዳር 8 በኢጣሊያ ላይ ማዕቀብ ጀመረ። የኢጣሊያ ዕቃ አይገዛም፣ ብድር አይሰጥም፣ መሣሪያ አይሸጥም ተባለ። ነዳጅ ግን ከዝርዝሩ ቀረ። የስዊዝ ቦይም ወታደርና መሣሪያ ለጫኑት የኢጣሊያ መርከቦች ክፍት ሆኖ ቆየ። ታንኩም፣ መርዝ የሚረጨው አውሮፕላንም የሚንቀሳቀሰው በነዳጅ መሆኑ ጄኔቫ ላይ ጠፍቷቸው አይደለም። «ነዳጁን ብንዘጋ ሙሶሊኒ በእኛ ላይ ይነሣል» ብለው ፈሩ። ጃንሆይ ሰኔ 23 ጄኔቫ ቆመው ሲናገሩ አገራቸው ተይዛ ነበር፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ሐምሌ 8፣ ማዕቀቡ ተነሣ።

2014ን ከዚህ ጋር ሳስተያይ ከዝርዝሩ የሚጎድለው ነገር ያው ይመስለኛል። አውሮፓ የሩሲያን ባንኮች በጥቂት ቀናት ውስጥ ቀጣች፤ በባሕር የሚመጣውን ነዳጅ ለመዝጋት ግን እስከ ቀጣዩ ኅዳር ቆየች፤ በቧንቧ የሚመጣውን ጋዝማ ከእገዳው ውጭ አደረገችው። ማዕቀብ ጣዩን የሚያቃጥለው ነገር ሁልጊዜ «ለጊዜው ይቆይ» ይባላል። በአጎዋ ነገር ግን ማንም ይቆይ አላለም፤ ሥራ ያጡት ሐዋሳ ውስጥ የሚሰፉ ሴቶች ነበሩ።

ይህን ሁሉ ቡና ላይ ሳነሳ አንዱ «ታዲያ ማዕቀብ ይጠቅማል ነው የምትለው?» አለኝ። የሰፈራችንን እንግዳ አስታወስኩት። ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. መሣሪያ መተኮስ የተማረው እዚሁ ኮልፌ፣ ኮሎኔል ታደሰ ብሩ በሚያዙት የፈጥኖ ደራሽ ሠራዊት ሠፈር ነው። ከእስር በወጣ በወራት ውስጥ፣ ሰኔ 1982፣ የአሜሪካ ምክር ቤት ፊት ቆሞ በገዛ አገሩ ላይ የተጣለው ማዕቀብ እንዳይነሣ ጠየቀ። ይነሣ ያለው መስከረም 1986፣ የሽግግሩ መንገድ ከተያዘ በኋላ ነው።

ልጁ ትንሽ አሰበና «እሱማ የጠየቀው የሚራበው ሕዝብ መሪ ሆኖ ነው» አለ። በዚህ አልተከራከርኩትም። ሳምቡሳ የምትጠብሰውን ጎረቤቴን የጠየቃት የለም፤ ሞስኮ ዳቦ ቤት የምትሰለፈውን አሮጊትም የጠየቃት ያለ አይመስለኝም።